በብርሃን መቅረጽ፦ የቤት ሌዘር ማሽንና ጀማሪው

የሠርግ መታሰቢያ ሰሌዳ፣ የቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ ስም፣ የባለቤቱ ስም ያረፈበት የቆዳ ቦርሳ፤ እነዚህን የሚሠራው የሌዘር መቅረጫ ማሽን ከትልልቅ ወርክሾፖች ወጥቶ መኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የትንሹ ማሽን ዋጋ በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ሲሆን የሥራ ሜዳው ብዙውን ጊዜ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኦርቱር፣ አቶምስታክ፣ ስካልፕፈንና ኤክስቱል የተባሉት የቻይና ምርቶች በሰፊው ይታወቃሉ። ማሽኑን ገጣጥሞ ማስነሳት ቀላል ነው። ሙያው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋናው ሙያም የሚቀረጸውን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ነው።

የሌዘር ሐሳብ የተጸነሰው እ.ኤ.አ. በ1917 አልበርት አንስታይን ባቀረበው ጽንሰ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ በሩቢ ያበራው በ1960 ነበር። ለቤት ማሽኖች መንገድ የከፈተው ግን ሰማያዊ ሌዘር የሚሰጠው ዳዮድ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ በጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ እውን አድርጎታል። ዛሬ አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች 450 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ይጠቀማሉ። ልጆች በማጉያ መነጽር የፀሐይን ጨረር ሰብስበው ወረቀት እንደሚያቃጥሉት ሁሉ፣ የማሽኑም ሌንስ ብርሃኑን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሆነች ነጥብ ይሰበስበዋል። ነጥቧ ያረፈችበት እንጨት ይከስላል ወይም ይተናል። ሌዘሩን የተሸከመውን ራስ ትንንሽ ሞተሮችና ቺንጋዎች በሐዲድ ላይ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱታል። ትእዛዙ የሚመጣው ከኮምፒውተር ነው፤ ሌዘርጂአርቢኤል የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ ላይትበርን ደግሞ ይሸጣል።

ሲገዙ ጥንቃቄ የሚሻው የዋቱ ቁጥር ነው። አንዳንድ ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት “40 ዋት” ማሽኑ ከሶኬት የሚስበውን ኃይል እንጂ ከሌንሱ የሚወጣውን ብርሃን አያመለክትም። እንዲህ ተብለው ከተሸጡት ብዙዎቹ የሚሰጡት ብርሃን 5 ዋት ገደማ ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት የብርሃኑ ኃይል ነው። ለጀማሪ የ5 ዋት ብርሃን ለመቅረጽ ይበቃል። የ10 ዋት ብርሃን ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለስላሳ ኮምፔንሳቶ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ሊቆርጥ ይችላል።

ማሽኑን ከማብራት በፊት ዓይን ይቅደም። ከግማሽ ዋት በላይ የሆነ ሌዘር በዓለም አቀፉ የደኅንነት ምደባ ከሁሉም አደገኛ በሆነው በ4ኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ሰማያዊው ብርሃን የዓይንን ብሌን አልፎ ሬቲና ላይ ያርፋል፤ በዚያ የደረሰ ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ጨረሩ በቀጥታ ባያገኝ እንኳ ከሚያብረቀርቅ ነገር ተንጸባርቆ የሚመጣው ለዓይን በቂ አደጋ ነው። የፀሐይ መነጽር ከዚህ አያድንም። የሚያስፈልገው ለ450 ናኖ ሜትር ተብሎ የተሠራ መከላከያ መነጽር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማድረግ አለበት። ከተቻለ ዙሪያውን የተዘጋና ክዳኑ ሲከፈት ብርሃኑ የሚጠፋ ማሽን መግዛት ይመረጣል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ ጀማሪው የሚያስተካክላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ የብርሃኑ ኃይል፣ የማሽኑ ራስ ፍጥነትና ትኩረቱ። ትኩረት ማለት ሌንሱ ከዕቃው ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛባ ነጥቧ ትሰፋለች፣ መስመሩም ይደበዝዛል። ኃይልና ፍጥነት ደግሞ አብረው የሚታሰቡ ናቸው። 10 ዋት በደቂቃ 6,000 ሚሊ ሜትር ሲሄድ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ላይ 0.1 ጁል ኢነርጂ ያርፋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያርፈው ኢነርጂ እጥፍ ይሆናል። ኃይሉንም ፍጥነቱንም በግማሽ ቢቀንሱ ስሌቱ ያው 0.1 ጁል ነው፤ እንጨቱ ላይ የሚታየው ውጤት ግን አንድ አይሆንም። ዝግ ብሎ የሚሄድ ብርሃን ሙቀቱ ወደ ጎን እንዲሠራጭ ጊዜ ስለሚሰጥ የመስመሩ ዳር ይጠቁራል።

ስለዚህ የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ የሙከራ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በረድፍ ይቀረጻሉ፤ በአንዱ አቅጣጫ ኃይሉ፣ በሌላው ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል። ሲያልቅ የትኛው ውህደት ፈዛዛ፣ የትኛው ጥርት ያለ፣ የትኛው የከሰለ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ለዋንዛ የተስማማው ለጥድ አይስማማም። ኮምፔንሳቶ ውስጥ ያለው ኮላ እንኳ ከአንዱ ሉህ ወደ ሌላው ይለያያል። ሠንጠረዡ ለየዕቃው ይሠራል፣ ከጀርባው ይጻፍበታል፣ ይቀመጣል። የሌላውን ሰው ቁጥር ቀድቶ መጀመር ይቻላል፤ የሚታመነው ግን በገዛ ማሽን የተፈተነው ነው።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ማሽኑ ሥዕልን የሚቀርጸው መስመር በመስመር ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል በየ0.1 ሚሊ ሜትሩ አንድ መስመር ሲሰመርበት 1,000 መስመር ይሆናል። በደቂቃ 6,000 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ይህ ብቻ 17 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የማሽኑ ራስ ዳር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

ከዕቃዎች እንጨት፣ ካርቶን፣ ቡሽና በዕፅ የለፋ ቆዳ ለጀማሪ ምቹ ናቸው። ቀለም የተነከረ አኖዳይዝድ አልሙኒየምም ጥሩ ነጭ ምልክት ያወጣል። ንጹሕ ብርጭቆና ቀለም አልባ አክሪሊክ ግን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያሳልፉት አይቀረጹም፤ ብርጭቆ አስቀድሞ ቀለም ካልተቀባ ምንም አይታይበትም። ፈጽሞ ማሽኑ ውስጥ የማይገባው ፒቪሲ ነው፤ የማስታወቂያ ስቲከርና ብዙ ሰው ሠራሽ ቆዳ ከእሱ ይሠራል። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚያወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። በክሮም የለፋ ቆዳም ጎጂ ጭስ ስላለው መራቁ ይሻላል። ምንነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ አይቀረጽም።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። ፊደላችን በጥቃቅን ምልክቶች ይለያያል፤ “ሉ” እና “ሊ” የሚለያዩት ቅጥያዋ ባረፈችበት ቦታ ነው፣ “ሌ” ደግሞ በትንሽ ቀለበት ይታወቃል። 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ጽሑፍ ላይ ያቺ ቀለበት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ ኃይል ከበዛ ውስጧ በከሰል ይሞላል፣ ስምም ይበላሻል። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ ማድረግ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ እጅግ ያልተራራቀ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት መምረጥ፣ ኃይሉንም መቀነስ ይበጃል። ሶፍትዌሩ አማርኛውን አዛብቶ ካሳየ በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ጽፎ፣ ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሮ ማስገባት መፍትሔ ነው።

ቀሪው ጭስና እሳት ነው። ጭሱ በቬንትሌተርና በቱቦ ከቤት ውጭ መውጣት አለበት፤ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። እንጨት ሲቆረጥ ትንሽ ነበልባል መታየቱ ያጋጥማል፤ አየር የሚነፋ ፓምፕ ይቀንሰዋል፣ እሳት ማጥፊያም በእጅ ርቀት መቀመጥ ይኖርበታል። መብራት ሲቆራረጥ አብዛኞቹ ትንንሽ ማሽኖች የቆሙበትን ቦታ ይረሳሉ። ስለዚህ ዕቃው እንዳይነቃነቅ አጥብቆ ማሰር፣ አቅም ከፈቀደም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ማገናኘት ሥራን ከብክነት ያድናል።

ይህን ማሽን ለመግዛት ያሰቡ ሁሉ መነጽሩንና የጭስ ማውጫውን ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምረው ያስሉ። ለእነዚህ ገንዘብ ካልተረፈ ግዢው ይቆይ። ከተገዛ በኋላ ደግሞ አንድ ደንብ አይጣስ፦ ብርሃኑ በርቶ ሳለ ከአጠገቡ አይነሱ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።