በቆርቆሮ የተለበጡ የመዳብ ዕቃዎች፦ ልባጡ ሲያልቅ ምን ይደረጋል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንግዳ በሚስተናገድበት ቤት ደላህ አይጠፋም። ምስሉ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የአንድ ድርሃም ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ይህ የቡና ማፍያ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከማይዝግ ብረት ይሠራል፤ ከአያት የወረደው ግን የናስ ወይም የመዳብ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን የተመለከተ ሰው፣ ከውጭ ቀይ ወይም ቢጫ የሆነው ዕቃ ከውስጥ ነጣ ብሎ ያገኘዋል። ይህ ንጣት ቀለም ሳይሆን ቀልጦ የተለበጠ ስስ ቆርቆሮ ነው። (ቆርቆሮ ሲባል የቤት ክዳን ትዝ ሊል ይችላል፤ ያ ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። እዚህ የሚነገርለት ራሱን የቻለ፣ ነጭና ለስላሳ የሆነው ማዕድን ነው።)

መዳብ ሙቀትን በፍጥነትና በእኩልነት ስለሚያሰራጭ ለምግብ ማብሰያነት ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። ጉድለቱ ከጎምዛዛ ነገር ጋር አለመስማማቱ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ ወይም ሁመር በባዶ መዳብ ውስጥ ሲፈላ ወይም ሲያድር መዳቡ እየሟሟ ወደ ምግቡ ይገባል፤ መጠኑ ሲበዛም ማቅለሽለሽን፣ ትውከትንና የሆድ ቁርጠትን ያስከትላል። ጀበናችን የሸክላ በመሆኑ ይህ ጣጣ የለበትም። ቆርቆሮው በመዳቡና በምግቡ መካከል ቆሞ የሚከላከል ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ግን ስስ ነው፣ ጊዜም ያልቃል።

በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አዲስ ልባጥ ያብረቀርቃል፤ እየዋለ ሲያድር ግን ይጠቁራል። ይህ መጥቆር ጉዳት አይደለም። ዕቃውን እንደ ብር ለማንጣት በሽቦ መፈግፈግ ግን ልባጡን ይልጠዋል። ምግብ የያዘበትን ዕቃ በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፎ በለስላሳ ስፖንጅ ማጠብ ይበቃል፤ ማማሰያውም የእንጨት ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ የከፋው ባዶ ዕቃ እሳት ላይ መጣድ ነው። ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ውስጡ ውሃ ወይም ሾርባ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ሥጋት የለም፤ ውሃው ደርቆ ካለቀ ግን ልባጡ በደቂቃዎች ውስጥ ቀልጦ ይንጠባጠባል።

በሌላ የዓለም ጫፍም ይኸው ችግር ይታወቃል። በሰሜን አሜሪካ የሜፕል ዛፍ ፈሳሽን አፍልተው ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያወጡ ገበሬዎች ቀድሞ በቆርቆሮ የተለበጠ የብረት መጥበሻ ይጠቀሙ ነበር። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት ወደ 40 ሊትር ገደማ ፈሳሽ መትነን አለበት፤ ከመጥበሻው ወይም ከብየዳው የሚወጣ እርሳስም ካለ አብሮ ይጠራቀማል። የወይን ወይም የተምር ድብስ በሚፈላበት ዕቃም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ልባጡ ተልጦ ቀዩ መዳብ ሲገለጥ ዕቃው እንደገና ይለበጣል። ባለሙያው በዐረብኛ ሙበይድ፣ ማለትም «አንጪ»፣ ይባላል፤ በቱርክ ደግሞ ካላይጂ። እንደ ባግዳዱ ሱቅ አል-ሰፋፊር ያሉ ጥንታዊ የመዳብ ሠሪዎች ገበያዎች ሙያውን ለዘመናት አቆይተዋል። ሥራው የሚጀምረው በጽዳት ነው፤ ቆርቆሮ ቅባት ወይም ዝገት በነካው ቦታ ላይ አይጣበቅምና። ቀድሞ ረዳቱ ድስቱ ውስጥ ቆሞ በአሸዋ ላይ እግሩን እያሽከረከረ ያጸዳ ነበር። ከዚያ ዕቃው ይግላል፤ ኑሻዲር የተባለው ነጭ ጨው ይነሰነስበታል፤ የቆርቆሮው ዘንግ ሲነካው ይቀልጣል፤ ቅላጩም በጥጥ በፍጥነት ይዳረሳል። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ የኑሻዲሩ ቅሪት በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል። ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከኑሻዲሩ የሚነሣው ነጭ ጭስ ዓይንንና ሳንባን ክፉኛ ስለሚያቃጥል በተዘጋ ማእድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም። የብረት ዕቃ ደግሞ ከመዳብ የበለጠ ያስቸግራል፤ ቆርቆሮው በተጫረበት ሁሉ ብረቱ ይዝጋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን የቆርቆሮው ንጽሕና ነው። እርሳስ ከቆርቆሮ በዋጋ ስለሚረክስና ከእርሱ ጋር ሲደባለቅ ይበልጥ በቀላሉ ስለሚቀልጥ፣ አንዳንዶች ቀላቅለው ይለብጣሉ። ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሸጠው የብየዳ ሽቦም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ ስለዚህ ለምግብ ዕቃ አይውልም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮና የነፍሰ ጡር ሴቶችን ፅንስ ይጎዳል። ንጹሕ የቆርቆሮ ዘንግ ሲታጠፍ የመንጫጫት ድምፅ ያሰማል፤ እርሳስ ግን ድምፅ የለውም፣ ሲያነሡትም ይከብዳል። ባለሙያው ዘንጉን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለጌጥ ተብለው በየገበያው የሚሸጡ የናስ ደላሆች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ለመጠጥ አልተሠሩም። ውስጣቸው ያልተለበጠ ወይም አረንጓዴ ዝገት የታየበት ዕቃ ሲያጋጥም፣ ቡና ከማፍላት በፊት ለቤቱ ባለቤት አሳይቶ ወደ መደርደሪያው መመለስ ይሻላል።