መዶሻ በማይወዛወዝበት ጠባብ ቦታ ምስማር እንዴት ይመታል?

ምስማር መምታት ማንም የሚችለው ተራ ሥራ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ጣሪያ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ማእዘን፣ ተጠጋግተው በቆሙ ሁለት ሞራሌዎች መካከል ወይም በመደርደሪያ ውስጠኛ ጥግ አንዲት ምስማር ለመምታት የሞከረ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። መዶሻው እንደ ልብ አይወዛወዝም፤ ምስማሩ ይጎብጣል፤ አንዳንዴም ከምስማሩ ይልቅ ጣት ይመታል። በዚህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የተዘጋጀውን ቀላል የእጅ መሣሪያ፣ ማለትም ተንሸራታች ምስማር መቺን፣ እንመለከታለን። መሣሪያው የሚሠራባቸው ሕጎች በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የምናገኛቸው ናቸው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

የመቐለና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ከእንጨትና ከድንጋይ ጋር ያላቸው ትውውቅ የቆየ ነው። ህድሞ ተብሎ የሚታወቀው የትግራይ ባህላዊ ቤት በድንጋይ ግድግዳ ላይ እንጨት ተረብርቦ በአፈር የሚከደን ነው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት የአፄ ዮሐንስ ፬ኛ ቤተ መንግሥት ጋር ስሙ የሚነሣው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲም በሙያው አናጢ ነበር። ምስማር የቤት ሥራ ዋና ግብአት የሆነው ግን የቆርቆሮ ክዳንና የባሕር ዛፍ እንጨት ከተስፋፉ በኋላ ነው። የአፈር ጣሪያ ምስማር አይሻም፤ ቆርቆሮ ግን ያለ ምስማር ነፋስን አይቋቋምም።

ዛሬ በከተማዪቱ መካከል በሚገኘው የቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ አካባቢዎች ቤት የሚያድስ አናጢ ይህን ችግር ያውቀዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የተካሄደው ጦርነት በትግራይ ትምህርት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ጣሪያ በሚጠገንበትና የተማሪዎች መቀመጫ በሚታደስበት ጊዜ እያንዳንዱ የጎበጠ ምስማር የገንዘብና የጊዜ ብክነት ነው። በማእዘን ላይ በሚገባ ያልገባ ምስማር ደግሞ ቆርቆሮው በነፋስ የሚነሣበትን በር ይከፍታል። ስለዚህ ጥያቄው የፊዚክስ መልመጃ ብቻ አይደለም።

መዶሻ ኃይሉን ከየት ያገኛል?

ማንም ሰው ምስማርን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሊያስገባ አይችልም። ያው ሰው ግን ግማሽ ኪሎ በሚመዝን መዶሻ በጥቂት ምት ያስገባዋል። ምሥጢሩ ጉልበት በመሰብሰቡና በመውጣቱ ላይ ነው። እጃችን መዶሻውን ረዘም ባለ ርቀት ላይ ቀስ በቀስ እየገፋ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ መዶሻው ደግሞ ያጠራቀመውን ጉልበት በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ያወጣዋል። ሥራ የኃይልና የርቀት ብዜት እንደመሆኑ፣ ርቀቱ ሲያጥር ኃይሉ በዚያው ልክ ይገዝፋል።

ይህን በቁጥር እንየው። ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ በሰከንድ 6 ሜትር ፍጥነት ምስማሩን ቢመታ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 9 ጁል ይሆናል። እንጨቱ ምስማሩ እንዳይገባ በአማካይ 1500 ኒውተን ኃይል ይቋቋማል እንበል፤ ይህ ከ150 ኪሎ ሸክም ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። በተጨማሪም በእያንዳንዱ ምት 1.5 ጁል ያህሉ በመዶሻው መንጠር፣ በእንጨቱ መርገብገብና በድምፅ ይባክናል እንበል። የቀረው 7.5 ጁል ለ1500 ኒውተን ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ገና 6 ሴንቲ ሜትር የሚቀረው ምስማር 12 ምት ይበቃዋል ማለት ነው።

አሁን ያንኑ መዶሻ ወደ ጠባቡ ማእዘን እንውሰደው። የመዶሻ እጀታ እንደ ክብ ቅስት የሚዞር በመሆኑ ከላይም ከጎንም ነፃ ቦታ ይፈልጋል። ማእዘኑ የፈቀደልን ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ እጃችንም በ40 ኒውተን ቢገፋው፣ የምናገኘው ጉልበት 2 ጁል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ 1.5 ጁል ሲባክን ለምስማሩ ግማሽ ጁል ይቀረዋል፤ ይህም የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ብቻ ያስገባዋል። ለቀረው 6 ሴንቲ ሜትር 180 ምት ያስፈልጋል!

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመወዛወዣው ቦታ እየጠበበ ሲሄድ የምቱ ቁጥር የሚጨምረው በተመሳሳይ መጠን አይደለም። በእያንዳንዱ ምት የሚባክነው ጉልበት ስላለ ደካማ ምቶች ተደምረው ጠንካራውን ምት አይተኩም። የእኛው ምሳሌ እንደሚያሳየው ጉልበቱ ከ1.5 ጁል በታች ከወረደ አንድ ሺህ ጊዜ ቢመታም ምስማሩ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም።

ምስማሩ ለምን ይጎብጣል?

ሁለተኛው ችግር የምስማሩ መጉበጥ ነው። ቀጭን ዘንግ ከላይ ሲጫኑት እስከተወሰነ ልክ ይጸናና ያን ልክ ሲያልፍ በድንገት ወደ ጎን ይጎብጣል። የዚህን ባሕርይ ሒሳብ የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሌዎናርድ ኦይለር በ1744 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ግኝቱ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የዘንጉ ውፍረት በእጥፍ ቢጨምር ጽናቱ 16 እጥፍ ያድጋል፤ ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጽናቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ምስማር እንውሰድ። ጫፉ በእንጨቱ ተይዞ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ለመሸሽ ነፃ በሚሆንበት ጊዜ የሚጎብጥበት ኃይል 620 ኒውተን ገደማ ነው። ደረቁ እንጨት ግን 1500 ኒውተን ይጠይቃል። እንግዲህ ገና ከጅምሩ በኃይል የተመታ ምስማር ቢጎብጥ አያስደንቅም። ልምድ ያለው አናጢ መጀመሪያ በቀስታ የሚመታው ለዚህ ነው። ምስማሩ እስከ ግማሹ ሲገባ ከውጭ የቀረው ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ጽናቱ በአራት እጥፍ አድጎ ወደ 2480 ኒውተን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጠንክሮ መምታት ይቻላል።

ጽናቱን የሚያሳድግ ሌላም መንገድ አለ፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ መያዝ ነው። ሁለቱም ጫፎች ከቦታቸው ሳይንሸራተቱ ከተያዙ ርዝመቱ ሳይቀንስ ጽናቱ ቢያንስ በአራት እጥፍ ያድጋል። በጣት መያዝ ይህን ለመተካት የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ዋጋውንም ጣት ይከፍላል።

ተንሸራታቹ ምስማር መቺ

መሣሪያው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፦ አንድ ቱቦና በውስጡ የሚንሸራተት ዘንግ። ምስማሩ ጭንቅላቱ ወደ ዘንጉ ሆኖ በቱቦው ውስጥ ይገባል፤ የቱቦው አፍ በሚመታው እንጨት ላይ ይደገናል፤ ከዚያም ዘንጉ ወደ ኋላ እየተሳበ ወደፊት ይወረወራል። ቱቦው ሁለት ተግባር ያከናውናል። አንደኛ የምስማሩን ጭንቅላት ከጎን ስለሚይዘው መጉበጥን ይከላከላል። ሁለተኛ ምቱ ሁልጊዜ በምስማሩ አቅጣጫ እንዲያርፍ ያደርጋል። ጣትም ከአደጋው ቦታ ይርቃል።

ጉልበቱስ? መሣሪያው የሚፈልገው ነፃ ቦታ በምስማሩ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከጎን የሚፈልገው የእጅን ስፋት ያህል ነው። ዘንጉ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሳብና በዚያው በ40 ኒውተን ቢገፋ 4.8 ጁል ይገኛል። ብክነቱ ሲቀነስ 3.3 ጁል፣ ማለትም በአንድ ምት 2.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ6 ሴንቲ ሜትሩ ከ27 እስከ 28 ምት ይበቃል። በሰፊ ቦታ ከሚወዛወዝ መዶሻ ያነሰ ቢሆንም ከ180 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ወደ ላይ በሚመታበት ጊዜ የዘንጉ ክብደት ከጉልበቱ ላይ ጥቂት ይቀንሳል፤ ወደ ታች ሲሆን ደግሞ ይጨምርለታል።

አንዳንድ ሰው በማእዘን ውስጥ ወፍራም የብረት ዘንግ በምስማሩ ላይ አቁሞ ከውጭ በመዶሻ ይመታዋል። ይህ ዘዴ የተደበቀ ኪሳራ አለው። አንድ ተንቀሳቃሽ አካል የቆመውን መትቶ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ፣ የሚተርፈው ጉልበት የመቺው ክብደት ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኘውን ያህል ነው። ግማሽ ኪሎ መዶሻ 10 ግራም የሚመዝነውን ምስማር በቀጥታ ሲመታ 98 ከመቶው ይተርፋል፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዘንግ በመካከል ሲገባ ግን 50 ከመቶው ብቻ ይተርፋል። ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚነጥር በመሆኑ ትክክለኛው ኪሳራ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ይሠራል። በመካከል የሚገባ ብረት በተቻለ መጠን ቀላል መሆን አለበት። በተንሸራታቹ መሣሪያ ግን ዘንጉ ራሱ መዶሻ ስለሆነ ይህ ኪሳራ አይኖርም።

በምስማሩ መስመርም ቢሆን ቦታ ከሌለስ? ባደጉት አገሮች ሠራተኞች በመዳፍ የሚያዝና በታመቀ አየር የሚሠራ ምስማር መቺ ይጠቀማሉ። የእሱ ብልሃት ያጠረውን ርቀት በተለቀ ኃይል ማካካስ ነው። ዲያሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን በ6 ባር ግፊት ሲገፋ ወደ 300 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያገኛል። ይህ ኃይል በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብቻ 9 ጁል ያህል ሊሰጥ ይችላል፤ ይኸውም በሰፊ ቦታ ከተወዛወዘው መዶሻ ጋር እኩል ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥም ብዙ ጊዜ ይመታል። ችግሩ ኮምፕሬሰርና የአየር ቱቦ መፈለጉ ነው።

በአካባቢያችን መሥራት ይቻላልን?

ተንሸራታቹን መሣሪያ የብየዳ ሥራ በሚሠራበት በማንኛውም ቤት መሥራት ይቻላል። ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልሙጥ ክብ ብረት ለዘንጉ ይሆናል፤ ጥርስ ያለው የግንባታ ፌሮ በቱቦ ውስጥ በሚገባ ስለማይንሸራተት አይመረጥም። በዘንጉ ላይኛ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድፍን ብረት ይበየዳል። ዘንጉ ብቻውን 154 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለመምታት ይቀላል፤ መያዣው ሲጨመርበት ጠቅላላ ክብደቱ 550 ግራም ገደማ ይደርሳል። ቱቦው ከዘንጉ ጥቂት የሚሰፋ፣ ርዝመቱም ከዘንጉ ትንሽ የሚያጥር ይሁን፤ እንዲህ ካልሆነ የምስማሩን ጭንቅላት እስከ እንጨቱ ማድረስ አይቻልም።

በንድፉ ላይ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። የቱቦው አንድ አፍ በእንጨት ሲዘጋ መሣሪያው እንደ ብስክሌት ፓምፕ አየር ያምቃል፤ ስለዚህ ከታችኛው አፍ ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትብሳ። ምስማሩ ወደ ላይ በሚመታበት ጊዜ እንዳይወድቅ በዘንጉ ጫፍ ላይ ጥቂት ግሪስ መቀባት ይበቃል። ዘንጉን በማግኔት አሽቶ ማግኔትነት መስጠትም ይቻላል፤ ይሁንና ተደጋጋሚ ምት በብረቱ ውስጥ የተሰለፉትን ጥቃቅን የማግኔት ክልሎች ስለሚበትን በየጊዜው መታደስ አለበት። ማግኔት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቱቦውን ከነሐስ ወይም ከአሉሚኒየም ቢያደርገው ይመረጣል፤ የብረት ቱቦ ምስማሩን ወደ ጎን ይስበዋልና።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳይደረግ፣ የቱቦውም አፍ እንጨቱን ሳይነካ ዘንጉን መወርወር አይገባም። በተሰነጠቀ ወይም በተላጠ ብረት መምታት ስብርባሪ ወደ ዓይን ያፈናጥራል።

መሣሪያው ወሰን እንዳለው መታወቅ አለበት። ከእንጨቱ ፊት እስከ ተሳበው መያዣ ድረስ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ቦታ ይሻል። ከዚህ በጠበበ ቦታ ቀድሞ መብሳትና በእንጨት ብሎን ማሰር የተሻለ ነው። ደረቅ ባሕር ዛፍንም ቢሆን ከምስማሩ በቀጠነ መብሻ ቀድሞ መብሳት የእንጨቱን መቋቋምም መሰንጠቁንም ይቀንሳል።

እነሆ ርቀት፣ ኃይልና ጉልበት በመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ የሚኖሩ ቃላት አይደሉም። የተሰጠን ርቀት ሲያጥር ወይ ሌላ ርቀት መፈለግ፣ ወይ ኃይልን ማሳደግ፣ ወይም የሚባክነውን መቀነስ አለብን፤ አራተኛ መንገድ የለም። ተማሪዎች ይህን መሣሪያ በአቅራቢያቸው ካለ አናጢና በያጅ ጋር ሆነው ቢሠሩ፣ የምቱን ቁጥር እየቆጠሩ ምስማሩ በየምቱ የገባበትን በማስመሪያ ቢለኩ፣ የራሳቸውን እንጨት የመቋቋም ኃይል ማስላት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ልኬት ለተማሪው ጥሩ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ለአናጢው ደግሞ የማይጎብጥ ምስማር ይሆናል።