ጎል በ1954 ስንት ዋለ?

ጓዶች፣ ሰሞኑን ስንጨቃጨቅበት የከረምነው ነገር ተፈታልኝ! ዋንጫ የበላው የ1954ቱ ብሔራዊ ቡድናችን የፊት መስመር ከ2005ቱ ዋልያዎች የፊት መስመር በስንት ይበልጣል? ግማሾቻችሁ «ስምንት ለአንድ ነው፣ አለቀ» ትላላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ «የድሮ ጎል ከዛሬ ጎል ጋር አይቆጠርም» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ሙሉውን ለማግኘት ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ነገር አያስፈልግም። ይህን ሳይ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ! እስክሪብቶና ወረቀት ያዙና ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ጥሬው ቁጥር ይቅረብ። በጥር 1954 ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የመጡት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ስለዚህ ዋንጫ ለመውሰድ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃ ነበር። የእኛዎቹ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅንም 4 ለ 2 አሸነፉ። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል!

በጥር 2005 ደግሞ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ወረዱ። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል።

አሁን እናካፍል። ስምንትን ለሁለት ስናካፍል አራት ጎል በጨዋታ ይደርሳል። አንድን ለሦስት ስናካፍል ዜሮ ነጥብ ሦስት ሦስት። አያችሁ? ስምንት እጥፍ ያልነው ልዩነት አሥራ ሁለት እጥፍ ሆነ! እኔም እዚህ ላይ ደርሼ «እንግዲህ የ2005ቶቹ ነገር አብቅቶለታል» ብዬ ወረቀቱን ላጥፍ ስል ነው ዋናው ነገር የበራልኝ።

አርብ ዕለት አንዱ ጎረቤታችን በግ ሸጦ ሲመለስ «ስንት ሸጥክ?» ብለን ብቻ አናልፈውም። «ለመሆኑ ዛሬ በግ ስንት ዋለ?» እንላለን። አያቱ በጥቂት ብር ሸጠው «ጥሩ ሸጡ» ተብለው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ዛሬ በሺዎች ሸጦ «ተበላህ» ሊባል ይችላል። ጥሩ ሻጭ መሆኑን የሚነግረን የብሩ ብዛት ሳይሆን የዕለቱ ገበያ ነው። ጎልም ልክ እንደዚሁ ነው! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየንም? «ስንት አገቡ?» ብለን ስናበቃ «በዚያ ውድድር ጎል ስንት ዋለ?» ብለን መጠየቅ ነበረብን።

እንጠይቅ። በ1954ቱ ውድድር የተደረጉት ጨዋታዎች አራት ናቸው። ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ 4 ለ 2 እና 4 ለ 2። ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ለሦስተኛ ደረጃ ቱኒዚያ ኡጋንዳን 3 ለ 0 ረታች። ሲደመር 18 ጎል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ቡድን ስለሚጫወት በስምንት እናካፍለው፤ ለአንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 2.25 ይደርሳል። በ1954 ጎል 2.25 ዋለ ማለት ነው። ርካሽ ነበር!

በ2005ቱ ውድድር አሥራ ስድስት አገሮች 32 ጨዋታ አድርገው የገባው ጎል 69 ነው። በ64 ስናካፍለው 1.08፤ ከአንድ ትንሽ ፈቀቅ ያለ። በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጎል ገበያው ከግማሽ በታች ሆኗል። ያኔ ሁለት ጎል ማግባት ከገበያው በታች መሆን ነበር፤ በ2005 ግን ሁለት ጎል ያገባ ቡድን ከገበያው እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው።

ቆይ ግን፣ አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለ። በ1954 ከገቡት 18 ጎሎች ውስጥ ስምንቱ የእኛው ናቸው፤ ግማሽ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ከገበያው እህል ግማሹን ያመጣው አንድ ሰው ከሆነ «ከገበያው ጋር አስተያዩኝ» ማለቱ ራሱን ከራሱ ጋር ማስተያየት ነው። ስለዚህ ራሳችንን ከገበያው እናውጣ። የሌሎቹ ሦስት አገሮች ጎል አሥር ነው፤ የተጫወቱት ሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ነው፤ አሥርን ለስድስት ስናካፍል 1.67። የእኛ አራት ነበር። ሌሎቹ ካገቡት 2.4 እጥፍ! በዚያው ሚዛን የ2005ቶቹን ስንመዝን ሌሎቹ 68 ጎል በ61፣ ማለትም 1.11፤ የእኛ 0.33፣ ከሌሎቹ አንድ ሦስተኛ እንኳ ያልሞላ።

«ግብፅን ያሸነፉት በተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ያ ይቀነስ» የምትል ልጅ አለህ፤ አውቅሃለሁ። እሺ እንቀንስ። ጥር 13 ቀን 1954 የተደረገውን ፍጻሜ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፣ ደስ ስለሚልም ጭምር። ግብፆች በባዳዊ ጎል መሩ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። ገና ደስታው ሳይበርድ በሚቀጥለው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደገመን። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገ፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። እነዚያን ሁለት የተጨማሪ ሰዓት ጎሎች አውጥተን ብንጥል በሁለት ጨዋታ ስድስት ጎል ይቀራል፤ በጨዋታ ሦስት። ከ1.67 ጋር ሲተያይ አሁንም 1.8 እጥፍ ነው። ከየትም በኩል ብትቆነጥሩት የ1954ቱ የፊት መስመር አይወርድም።

አራቱን ጎል ያገቡት አራት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውንም ልብ በሉ! ግርማ፣ ሉቻኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። የግብፅ ተከላካይ ማንን ይያዝ? መንግሥቱን ሲጠብቅ ግርማ ይመጣበታል፤ ግርማን ሲል ሉቻኖ ከኋላ ይደርሳል። መንግሥቱ በውድድሩ ሦስት ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር የኮከብ ጎል አግቢነቱን ተጋራ፤ የቀሩት አምስት ጎሎች ግን የሌሎች ናቸው። የአሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ቡድን አንድ እግር ላይ የቆመ አልነበረም። ቱኒዚያ ላይም 2 ለ 0 ተመርተው ነው ተነሥተው 4 ያገቡት። እኔን እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከዋንጫው በላይ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ 2005ቶቹ እንመለስ፤ ለእነሱ የሚገባቸውን ገና አልሰጠናቸውም። ሻጩ ዕድለ ቢስ ሆኖ የገጠሙት ገዢዎች ሁሉ እጃቸውን የጨበጡ ቢሆኑስ? «ገበያው ስንት ዋለ» ብቻ ሳይሆን «እነዚያ ሰዎች ከሌላው ስንት ገዙ» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ ነው። በኳስ ስንተረጉመው፦ ዛምቢያ፣ ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ ከእኛ ሌላ ከገጠሟቸው ቡድኖች ስንት ጎል ገባባቸው?

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የገረመኝ። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ እኮ በመጨረሻ ለፍጻሜ የደረሱት ናቸው! ዋንጫውን ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። ዛምቢያ ደግሞ ያለፈው ውድድር ባለዋንጫ ሆና ነው የመጣችው። ከአንድ ምድብ የዋንጫው ባለቤት፣ የፍጻሜ ተፋላሚና የቀድሞው ሻምፒዮን! ከዚህ የባሰ ዕጣ ከየት ይመጣል?

እንቁጠር። ናይጄሪያ በስድስት ጨዋታ የገባባት አራት ብቻ ነው። ቡርኪና ፋሶ በስድስት ጨዋታ ሦስት። ዛምቢያ በሦስት ጨዋታ ሁለት። ሲደመር በአሥራ አምስት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል። የእኛን ሦስት ጨዋታና አንድ ጎል ስናወጣ አሥራ ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል። ስምንትን ለአሥራ ሁለት፤ 0.67። ጋናና አይቮሪኮስትን የመሰሉ ቡድኖች ተቆጥረውበት እንኳ በእነዚህ ሰዎች ላይ የገባው በአማካይ አንድ ጎል አልሞላም። የእኛ 0.33 ነው፤ የሌሎቹ ግማሽ ማለት ነው። ከአንድ ሦስተኛ በታች የነበረው ወደ ግማሽ ከፍ አለ። በጥሬው አሥራ ሁለት እጥፍ ዝቅ ብሎ የታየን ቡድን አቻዎቹ ካገኙት ግማሹን ያገኘ ቡድን ሆኖ ወጣ!

ገና አላለቀም፤ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙት እንደኔ ከወንበራችሁ ትነሣላችሁ። የዛምቢያውን ጨዋታ አስታውሱ። ኔልስፕሪት ላይ፣ ጥር 13 ቀን 2005፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በሃምሳ አንደኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን! በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላዲን ሰይድ መታው፤ በረኛው ሙዌኔ አዳነው። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከዕረፍት በፊት ዛምቢያ አገባች። አሥር ሰው ሆነን፣ ተመርተን፣ ያውም ከሻምፒዮኑ ጋር፤ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባና አቻ ወጣን።

አሁን ያቺ የሳላዲን ምት ገብታ ቢሆን ብለን እናስላ። በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል። ሁለትን ለሦስት፤ 0.67። የሌሎቹ ስንት ነበር? ስምንት ለአሥራ ሁለት፤ 0.67። እኩል! አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ እኩል! ስንስቅበትና ስናዝንበት የኖርነው የ2005 የፊት መስመር እነዚያን ሦስት አገሮች ከገጠመው አፍሪካ ሁሉ ጋር እኩል ለመሆን የራቀው በአንድ ምት፣ በአንድ በረኛ እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውነት ቡድን ክፉ ሲወራ ዝም ማለት አቅቶኛል።

ከዚሁ ጋር ሁለተኛ ትምህርትም አብሮ ይመጣል። ሦስት ጨዋታ በጣም ጥቂት ነው፤ አንዲት ምት ግማሹን ሙሉ ካደረገች ቁጥሩን እንደ ድንጋይ ጽኑ አድርገን መያዝ የለብንም። የ1954ቱማ ሁለት ጨዋታ ነው። ለምሳሌ ያኔ ቱኒዚያና ግብፅን ከእኛ ሌላ የገጠመች ኡጋንዳ ብቻ ናት፤ በሁለቱ ላይ ያገባችው አንድ ጎል ነው። የእኛ በዚህ ስሌት ስምንት እጥፍ ይመጣል። ደስ ይላል፤ ግን አንዲት ኡጋንዳን ገበያ ብሎ መጥራት ይከብደኛልና እኔ 2.4ቱ ላይ እቆማለሁ።

ሚዛኑ አንዴ እጄ ከገባ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ የ2014ቱን የአሠልጣኝ ውበቱ አባተን ቡድንም ጫንኩበት። ካሜሩን ውስጥ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት ጨዋታ ሁለት ጎል፤ ዳዋ ሆቴሳ በካሜሩን ላይ፣ ጌታነህ ከበደ በቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። ሁላችንም «ከ2005ቱ እጥፍ ይሻላል» ብለን ነበር። ግን ገዢዎቹን እንያቸው፦ ኬፕ ቨርዴ፣ ካሜሩንና ቡርኪና ፋሶ ከእኛ ሌላ ባደረጉት አሥራ አምስት ጨዋታ አሥራ ዘጠኝ ጎል ገብቶባቸዋል፤ በጨዋታ 1.27። የእኛ 0.67 ከዚያ ውስጥ ግማሽ ከምናምን ነው። የ2005ቱም ግማሽ! ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጎልና ሁለት ጎል ይዘው መጥተው ሚዛኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወይ ጉድ!

አንድ ነገር ብቻ ሚዛኑ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፤ ሜዳውን። የ1954ቶቹ የተጫወቱት በአገራቸው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ የገዛ ሕዝባቸው እየጮኸላቸው ነው። የ2005ቶቹም ቤታቸው ሲሆኑ ሌላ ሰው ነበሩ፤ በማጣሪያው ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋቸው ስትመጣ፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነና ሳላዲን አግብተው 2 ለ 0 መልሰው ነው ያለፉት። ለማለፍ የተፈለገችው ውጤት ልክ ያችው ነበረች። ይህን በቁጥር እንዴት እንደምናስገባ ሐሳብ ያለው ይምጣ።

ለሚቀጥለው አርብ የቤት ሥራ እነሆ። በ2013 ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ የዓመቱ ኮከብ ጎል አግቢ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፣ በ29 ጎል። አንድ ሰው 29 አግብቶ ዋንጫው ጎንደር መሄዱ እንዴት ሆነ? የዚያን ዓመት ውጤቶች ያለው ይዞ ይምጣ፤ እኔ ወረቀቱን አመጣለሁ።