እርጎና ረቂቅ ጠላቱ

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ በአንድ የላስታ ገበሬ ቤት እርጎ ቢቀርብለት ጠጥቶ ያመሰግናል እንጂ በዋንጫው ውስጥ ጦርነት አለ ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን አለ። ስለዚሁ ጦርነት ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ እንወዳለን።

እንደሚታወቀው የቤቱ እመቤት ቅሉን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ወተቱ ከተጨመረ በኋላ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ይረጋል። በደጋው ብርድ ሥራቸው ከቆላው ይልቅ ይዘገያል።

እነዚህ ሠራተኞች ግን ጠላት አላቸው፤ ይኸውም ባክቴሪዮፋጅ፥ ባጭሩ ፋጅ፥ የተባለ ቫይረስ ነው። ፋጁ በባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ የዘር መልእክቱን ያስገባበታል፤ ባክቴሪያውም ሳይወድ የጠላቱን ልጆች ሲያራባ ቆይቶ ይፈነዳል። ፋጅ በእርጎ ፋብሪካ የገባ እንደ ሆነ የገንዳው ወተት በሙሉ ሳይረጋ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ባክቴሪያው እንዲሁ አይሞትም። ከጥቃት የተረፈው ከጠላቱ የዘር መልእክት ቁራጭ ወስዶ በራሱ ዘር ውስጥ ይመዘግባል። ያው ጠላት ተመልሶ ሲመጣ፥ ካስ የተባለው ፕሮቲን የመዝገቡን ግልባጭ እንደያዘ ዘበኛ ሆኖ አመሳክሮ ይቆርጠዋል። በሰው ዘንድ የክትባት ኃይል በዘር አይተላለፍም፤ ባክቴሪያ ግን መዝገቡን እንደ ርስት ለልጅ ልጁ ያወርሳል። ፋጁም በበኩሉ ከፊደሎቹ አንዱን ለውጦ ያመልጣል፤ ባክቴሪያውም አዲስ ቁራጭ ይመዘግባል።

ይህን በ1999 ዓ.ም. በእርጎ ባክቴሪያ ላይ ፈትነው ያስረዱት በዳኒስኮ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሮዶልፍ ባራንጉና ፊሊፕ ሆርቫት ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው። ኤማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና ደግሞ ዘበኛውን ማንኛውንም ዘር የሚቆርጥ መቀስ አድርገውት በ2013 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ክሪስፐር የሚባለው ይኸው ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም ከውጭ ተባባሪዎች ጋር አገዳው አጥሮ የማይጋሽብ ጤፍ ለማግኘት በዚሁ ጥበብ ተጠቅሟል።

እንግዲህ ለዚህ ጥበብ መገኘት ወተት ለምን ሳይረጋ ይቀራል ብለው የጠየቁ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። የእናቶቻችን ቅል በጀሪካን ሲተካ፥ በውስጡ የኖሩት ባክቴሪያዎች ከነመዝገባቸው ሊጠፉ ይችላሉ። መዝገቡ ሳይጠፋ የሚያነበው ከተማሪዎቻችን መካከል እንዲነሣ፥ ሹማምንቶቻችንም ይህን ሥራ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይንቁት እናሳስባለን።