ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ቡና፣ ሁለት ዋጋ

በአንድ መንደር የበቀለ ቡና በሁለት ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ልዩነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው እውቀት ነው። በደንብ የቀላውን እሸት ብቻ ለይቶ የሚለቅም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ አስጥቶ ቶሎ ቶሎ የሚያገላብጥና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ሲወርድ የሚያነሳ ገበሬ፣ ገበያው የሚፈልገውን ጥራት በእጁ ይሠራል። ከዚያ ተራው የቀማሹ ነው። በተፈጨው ቡና ላይ ፍል ውኃ ያፈሳል፤ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ሰብሮ ያሸታል፤ በረድ ሲል በኃይል ምጎ ነጥብ ይሰጣል። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና «ስፔሻሊቲ» ይባላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባካሄደችው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና፣ በጨረታ ኪሎው ከ400 ዶላር በላይ ተሸጧል። እንዲህ ያለው ገቢ የጥቂቶች ዕድል ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ገበሬው የራሱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን ውል አንብቦ መረዳት፣ ወጪን መዝግቦ ማስላትና ከገዢ ጋር መጻጻፍ ትምህርት ይጠይቃሉ። ብዙ አምራቾች በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል የሚልኩትም በከፊል እነዚህን ሙያዎች በጋራ ለማግኘት ነው።