የመንገድ ማደሪያ ወጪን ስለ መቈጠብ

የነጋዴ ትርፍ የሚለካው ዕቃው በተገዛበትና በተሸጠበት ዋጋ ልዩነት ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በመካከሉ በመንገድ የታደረው ሌሊት ሁሉ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና የሚጓዙ ሰዎች ለአንድ ሌሊት ማረፊያ ቦታ የሚከፍሉትን ገንዘብ ለማሳነስ ብዙ ይደክማሉ። የሶማሌ አርብቶ አደር ግን ቤቱን በግመል ጭኖ ስለሚሄድ የማደሪያ ኪራይ አያውቅም። በእኛ አካባቢ ይህ ሐሳብ በይበልጥ የሚያስጨንቀው በጭነት መኪና የሚነግደውን ሰው ነው።

ቀብሪበያ ከጅጅጋ ወደ ደገሐቡር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጅጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት ወደ ጅጅጋ የሚወርድ የቀብሪበያ ነጋዴ ሥራውን አስቀድሞ ቢያሰናዳ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል። ይኸውም የሚፈልገውን ዕቃ ዓይነትና ብዛት በዋዜማው ለጅምላ ሻጩ በስልክ ማስታወቅ፣ ጫኞችን ማስያዝ፣ ጎሕ ሲቀድም መነሣት ነው። ከቀትር በኋላ መጫን የጀመረ ሰው ግን ሳይወድ በግድ ያድራል።

ለምሳሌ ያህል የአልጋ፣ የመኪና ማሳደሪያና የምግብ ወጪ በአንድነት ለአንድ ሌሊት 700 ብር ነው እንበል። በወር አራት ሌሊት ያዳነ ሰው 2,800 ብር፣ በዓመት 33,600 ብር በእጁ ይቀርለታል።

ማደር ግድ በሆነ ጊዜ ደግሞ የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል።

1ኛ/ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት የአልጋውን፣ የግቢውንና የጥበቃውን ዋጋ ለየብቻው ጠይቆ መስማማት። ሲመሽ የሚጠይቅ ደንበኛ ለመከራከር አቅም የለውም።

2ኛ/ በአንድ መሥመር የሚመላለሱ ነጋዴዎች ተባብረው ከአንድ ግቢ ባለቤት ጋር በወር ሂሳብ ቢዋዋሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚከፍለው ያነሰ ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ።

3ኛ/ ስንቅና ውኃ ከቤት ይዞ መነሣት። ቀብሪበያ ለረዥም ዘመን በውኃ እጥረት የተቸገረች ከተማ ስለሆነች፣ ጀሪካን ሞልቶ የመነሣትን ጥቅም ለነዋሪዋ ማስረዳት አያስፈልግም።

4ኛ/ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መቀበል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ሂሳብ ጊዜ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ሊቈጠቡ የማይገባቸው ሁለት ወጪዎች አሉ። አንደኛው የጥበቃ ዋጋ ነው፤ መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ ጥቂት ብር ያተረፈ ሰው በዚያው ሌሊት አንድ ኩንታል ስኳር ቢሰረቅበት የብዙ ሌሊት ቁጠባው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ሁለተኛው የሹፌሩ አልጋ ነው። ረዳቱ ጭነቱን እየጠበቀ በጋቢና ቢያድር ይቻል ይሆናል፤ በማግሥቱ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የካራማራን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ግን እንቅልፍ ሳይጠግብ መሪ መያዝ አይገባውም። በዚህ ስፍራ የሚደርስ አደጋ ከሀብት አልፎ ሕይወትን ይነካልና።

እንግዲህ እያንዳንዱ ነጋዴ ያለፈውን ወር ጉዞውን በመዝገብ ቢጽፍና ያደረባቸውን ሌሊቶች ምክንያት ለይቶ ቢመለከት፣ የትኛው ሌሊት በግድ፣ የትኛው በመዘግየት ብቻ እንደታደረ ራሱ ይደርስበታል። ቁጠባውንም ከዚያ ላይ ይጀምር።