ሁለት ወናፍ ለምን?

አያቴ ጎንደር ገጠር እያሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ሥራ ግን ብዙም አያወሩም። ማረሻውን የሚገዛቸው ጎረቤት ራሱ «ቡዳ» ይላቸው ነበራ!

ሰሞኑን ለትምህርቴ የጆርጅ አግሪኮላን መጽሐፍ ሳገላብጥ አያቴ ትዝ አሉኝ። በላቲን የተጻፈው «ዴ ሬ ሜታሊካ» በፈረንጆች 1556 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ታተመ፤ ጸሐፊው በሞተ በማግስቱ ዓመት። 12 ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል እቶን ከማሳየቱ በፊት ለማዕድን ሥራ ጥብቅና ይቆማል። እዚያም አገር ሥራውን የሚንቅ ነበር ማለት ነው። (ይኸው ሊቅ ደግሞ በአንዳንድ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አጋንንት አሉ ብሎ ጽፏል። ምን ይባላል?)

ዘጠነኛው ክፍል ስለ ማቅለጥ ነው። እሳቱን የሚያናፋው ወናፍ ከእንጨትና ከቆዳ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ይነግረናል። በሥዕሉ ላይ ውሃ የሚያዞረው ዘንግ ሁለት ወናፎችን በየተራ ይጫናል። ለምን ሁለት? አልገባኝም።

ሥዕሉን በስልኬ ለአያቴ አሳየኋቸው። ሳቅ አሉና ሁለት እጃቸውን ተራ በተራ ከፍ ዝቅ አደረጉ። «አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል። ነፋሱ ከተቋረጠ እሳቱ ይደክማል፣ ብረቱም እሺ አይልህም። የእኛ የፍየል ቆዳ ነበር» አሉኝ።

እስከዛሬ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እኔም ጭምር። አሁን ሰንበት በወጣ ቁጥር ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ትናንት ማታ ስለ ከሰሉ ጀምረዋል።